የደንበኛው ወንበር

ጥቅምት 6

ለወንድም ጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? አክስቴስ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? እኔ ደህና ነኝ። ቢሮውም ደህና ነው። ዝምተኛውም ደህና ነው መሰለኝ፤ ቢያንስ ታምሜያለሁ አላለም። መቼም እሱ ቢታመምም የምናውቀው ሰርቨሩ ሲቆም ነው።

«ወንበሬ ላይ ማን ተቀመጠበት?» ብለህ ለጠየቅከኝ፣ ማንም አልተቀመጠበትም። አንዴ ዝምተኛው የሽቦ ካርቶን አስቀምጦበት ነበር። ዞር ብዬ አየሁት፤ ምንም ሳልለው አነሳው። ኮትህም ጥለኸው እንደሄድክ ከጀርባው እንደተንጠለጠለ ነው። አላጠብኩትም፤ ባለቤቱ መጥቶ ይጠበው ብዬ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ። ደብዳቤህን የሰጠኝ ፖስተኛ እየሳቀ ነው የሰጠኝ። አድራሻውን በዚያ በወፍራም ማርከር ጽፈኸው ግማሹ ፖስታ ተሸፍኗል። ውስጡ ደግሞ የባሰ ነው፤ ገጹ ላይ ያለው ጥቂት መስመር፣ እሱም ሽቅብ የሚወጣ፣ ልክ የሰልፍ መፈክር። ሎጎው የፀጉር ታህል ተዛነፈ ብለህ ሳምንት ያኮረፍክብን ሰውዬ ምን ነካህ? ደግሞስ «ኢሜይል አትላኪልኝ፣ ስልክ አትደውዪ፣ የምትይው ካለሽ በወረቀት ይሁን» ማለት ምንድነው? ይኸው ታዝዤ ፖስታ ገዛሁ። ዝምተኛው ጠረጴዛዬ ላይ አየውና «አዲስ ቴክኖሎጂ ነው?» አለኝ። በዚያ ሳምንት ከአፉ የወጣው እሱ ብቻ ነው።

ወሬው ይህ ነው። ትልቁ ሆስፒታል ሕመምተኞቹ ቀጠሮ የሚይዙበት ድረ ገጽ ሊያሠራ ነው፤ እኛንም አስበውናል። ግን አስተዳዳሪዋ የእኛን ገጽ ብትከፍት ምን ብታገኝ ጥሩ ነው? «በግንባታ ላይ ነን» የሚለውን፣ አካፋ ከያዘው ሰውዬህ ጋር! ቢሯችንን ከከፈትን ጀምሮ ይኸው ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሰውዬው እየቆፈረ ነው። «ለሰው ሁሉ ቤት ትሠራላችሁ፣ እናንተ የምታድሩት ድንኳን ውስጥ ነው እንዴ?» አለችኝ። አፈርኩ። ኮሚቴው በታኅሣሥ መጨረሻ አይቶ ይወስናል። እስከዚያ «ከሥራው ጀርባ ያሉት ሰዎች» የሚል ገጽ፣ ከነፊታችን፣ ማን ምን እንደሚሠራ ተጽፎ ይፈልጋሉ።

አልደብቅህም፤ ይህ ሥራ ካለፈን ቢሮው ይዘጋል። ዝምተኛውን ሌላ ቦታ ጠርተውታል፤ እስካሁን የማይሄደው እኔን ብቻዬን ጥሎ መሄድ ከብዶት ነው።

ስለዚህ አንድ ፎቶና አራት መስመር ላክልኝ። ድርጅቱን ያቋቋምከው አንተ ነህ። ደግሞ «አንድ ወር ላርፍ» ብለህ ሄደህ ዓመት ሊሞላህ ነው። መቼ ነው የምትመጣው? ምን ሆነህ ነው?

አንተ እንዳወጣህልኝ፣
ፖሊሷ እህትህ

—

ጥቅምት 21

ለእህቴ ለፖሊሷ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ። ይህን የምትጽፍልኝ አክስታችን ናት። ቀኝ እጄን ወለም ብሎኝ ብዕር መያዝ አቅቶኛል። ቀላል ነገር ነው፣ አትጨነቂ። (እኔ ነኝ፣ አክስትሽ። ጉልበቴ ያው ነው። ፊደሌ ካላማረሽ ይቅር በይኝ፤ ዕድሜዬን ስልክ ማዞሪያ ላይ ሰው ሳገናኝ የኖርኩ ነኝ፣ ሥራዬ በአፍና በጆሮ ነበር።)

ለጠየቅሽኝ ሁሉ በአጭሩ ልመልስ። አላገባሁም። (ማን ያገባዋል እንዲህ እያኮረፈ?) የሰው ዕዳ የለብኝም፤ ተፎካካሪዎቻችን ዘንድም አልሄድኩም። ያን የጥርስ ሐኪሙን ብልጭ ድርግም የሚል ገጽ የሠሩ ሰዎች ዘንድ ከምቀጠር ድንጋይ ብፈልጥ ይሻለኛል። ቀኑን የማሳልፈው አክስቴን በመርዳት ነው። (ይህንንስ ባልጽፈው ይሻል ነበር።)

ገጹ ላይ ግን እኔን ተዉኝ። ድርጅቱ አሁን እናንተ ሁለታችሁ ናችሁ። የማይሠራ ሰው ፎቶ መለጠፍ ማታለል ነው።

ይልቅ የምታስቀምጪውን ልምከርሽ። «ልምድ ያካበትን፣ ፈጣንና አስተማማኝ» የሚለውን ነገር እንዳትጽፊ። ሁሉም ይለዋል፤ ማንም አያምነውም። ስለምናደርገው ጻፊ። የመጀመሪያ ደንበኛችንን ጫማ ሠሪውን ታስታውሺያለሽ? ምን ልሥራልህ ብዬ ሳልጠይቀው፣ ጫማ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው በሚቀመጥበት ወንበር ላይ ቀኑን ሙሉ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሰው ሲገባ መጀመሪያ ምን እንደሚያይ፣ የት ጋ ግራ እንደሚገባው አየሁ። ገጹን የሣልኩት ከዚያ ተነስቼ ነው። ከዚያ ወዲህ የደንበኛው ወንበር ላይ ሳንቀመጥ የጀመርነው ሥራ የለም። ጫማ ሠሪው ሱቁን ሲያድስ ያንኑ ወንበር «የእናንተ ነው» ብሎ ሰጠን። ይኸው የእኔ ወንበር ሆነ። ይህን ጻፊ። ስለ ዝምተኛውም «ኮድ ይጽፋል» አትበይ፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ሳይጠሩት የሚመጣ ሰው ነው በይ።

አክስቴ ደከመች። በይ ደህና ሁኚ። (አልደከምኩም። ምን እየጻፍሽ ነው እንዲህ የረዘመ እያለኝ ነው። ሰላምታ እየጨመርኩልሽ ነው ልበለው?)

ወንድምሽ

—

ኅዳር 9

ወንድም ጋሼ፣

ንድፉን አይተህ በአክስቴ እጅ የላክህልኝ አጭር ወረቀት ደረሰኝ። «ቀለሙ ደስ ይላል፤ የዝምተኛውም ፊት በደንብ ወጥቷል» ይላል። ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

ቀለሙ ደስ ይላል? ማተሚያችን ቀይ ቀለም ጨርሶ ገጹ በሙሉ አረንጓዴ ሆኖ ነው የወጣው! የዝምተኛው ፊት ጎመን መስሏል። የላክሁልህ እንድታስቀኝ ነው፤ ስትጮህብኝ ልሰማ፣ «ይህን አይቼ እንቅልፍ አጣሁ» የሚል ሁለት ገጽ ስድብ ላገኝ ነበር። አንተ ደስ ይላል ትለኛለህ።

ሌላም አለ። ወለም ያለህ ቀኝ እጅህ ነው አልክ። ጋሼ፣ አንተ እኮ ግራኝ ነህ! እማዬ ማንኪያ ከግራ እጅህ እየነጠቀች ስንት ዘመን ተጣላችሁ። በቀኝ እጅህ ስምህን እንኳ ጽፈህ አታውቅም።

ፖሊሷ ብለህ የሰየምከኝ አንተ ነህ፤ እንግዲህ ቻለው። መጀመሪያ ፍቅር ይዞህ ነው ብዬ ነበር። ፍቅር የያዘው ሰው ግን ወረቀት ላይ ነው የሚበዛው፣ አንተ ቁጥብ ሆነሃል። ከዚያ ከእኔ ጋር ተጣልተህ ይሆናል ብዬ የሄድክበትን ሳምንት መላልሼ አሰብኩ፤ ምን ብዬህ እንደሆነ ማስታወስ አቃተኝ። ካስቀየምኩህ ንገረኝ። ይህ ገጽ ቢቀርም ይቅር፤ አንተ እንዲህ ስትሸሸኝ ግን ሆዴ ይባባል።

የዝምተኛውን ፎቶ እንዴት እንዳነሳሁት ልንገርህና ላብቃ። «ፈገግ በል» አልኩት። «ለምን?» አለኝ። እሱኑ ማስረዳት ስጀምር ፀሐዩ ከመስኮቱ ሄደ። በመጨረሻ ሰርቨሩ ቆመ ብዬ ዋሸሁት፤ ቀና ሲል አነሳሁት። ገጹ ላይ ያለው እሱ ነው፣ የደነገጠው።

የአንተ ቦታ ክፍት ነው። አልዘጋሁትም።

እህትህ

—

ኅዳር 22

ለልጄ፣

ለብቻዬ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። «እሱ እንዳያነበው» ብለሽ ፖስታው ላይ መጻፍሽ ግን አሳቀኝ። እዚህ ቤት ደብዳቤ የማነብ እኔ ብቻ ነኝ።

ምን ሆኖ ነው ላልሽው፣ አልነግርሽም። አስምሎኛል። የስንቱን ባልና ሚስት ጠብ፣ የስንቱን ሰው ገበና በዚህ ጆሮዬ እየሰማሁ አንዲት ቃል ሳላወጣ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። በስተርጅና ወሬ አቀባይ አልሆንም።

ስለ ራሴ እንዳልጽፍልሽ ግን ማንም አልከለከለኝም። እንዴት ነሽ ብለሽኝ የለ? እንዲህ ነኝ።

ጠዋት ሻይ ቀድቼ ብርጭቆውን ከእጁ አጠገብ አስቀምጥና ጠረጴዛውን በጣቴ መታ መታ አደርጋለሁ። እዚህ ቤት ወንበር ከቦታው አይነቃነቅም። ጎረቤቴ ባለፈው መጥታ ዱካውን ወደ በሩ ሳበችው፤ ጮህኩባት፤ ይኸው እስካሁን አኩርፋኛለች። ከሰዓት ጋዜጣ አነባለሁ፣ ጮክ ብዬ። የአንቺ ደብዳቤ ሲመጣም ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ የምትሰድቢው ቦታ ላይ ስደርስ ድምፄን ትንሽ ከፍ አደርጋለሁ። ያ አረንጓዴ ወረቀት የመጣ ቀን «ቀለሙ እንዴት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ስለ ቀለም ምን አውቃለሁ ልጄ? ደስ ይላል አልኩ።

ሐኪም ዘንድም አብሬ ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ሁሉን ነገር ለእኔ ነው ያስረዳው፣ እሱ አጠገቤ ተቀምጦ እያለ። ከሕመሙ ይልቅ እሱ ነገር ነው የቆጨው መሰለኝ። መንገድ ስንወጣ ትከሻዬን ይይዛል። የሚያዩን ሁሉ እኔን አሮጊቷን ደግፎ የሚሄድ ይመስላቸዋል። «ተባረክ፣ እንዲህ ነው ልጅ» ይሉታል። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም።

በይ፣ ስለ ራሴ ይህን ያህል ይበቃል። መሐላዬን አላፈረስኩም። ቶሎ ጻፊለት። እያለቀስሽ ግን እንዳትጽፊ፤ እኔ ሳነበው ድምፄ ያሳብቅብኛል።

አክስትሽ

—

ታኅሣሥ 2

ወንድም ጋሼ፣

ይህን አክስቴ ስታነብልህ ቁጭ በልና ስማ። እሷም ቁጭ ትበል።

አውቄያለሁ። እሷን እንዳትቆጣ፤ አንዲት ቃል አልነገረችኝም፤ የጻፈችልኝ ስለ ራሷ ነው። እንኳን እኔ፣ ማንም ሰው ይገባው ነበር።

ተናድጃለሁ። በጣም ነው የተናደድኩት። ያ ሁሉ ጊዜ ብቻህን ተሸክመኸው፣ እኔ እዚህ የፊደልህን መዛነፍ እያነሳሁ ስሳለቅ! «የሰልፍ መፈክር» ያልኩህን ባስታወስኩ ቁጥር በራሴ አፍራለሁ። ይቅርታ አድርግልኝ። ስልክ ያልፈለግኸው ድምፅህን ሰምቼ እንዳላውቅብህ ነበር፣ አይደል? ልክ ነህ፤ አውቅብህ ነበር።

ለዝምተኛው ብቻ ነገርኩት። አየኝ፣ ምንም ሳይል ተነስቶ ወጣ። ምን ዓይነት ልብ ነው ያለው ብዬ ተቀየምኩት። በማግስቱ አንድ ስልክ ይዞ መጣና ጥግ ላይ ተቀምጦ ሁለት ቀን ሙሉ ከሱ ጋር ታገለ። ይኸው ከደብዳቤው ጋር ልኬዋለሁ። ስልኩ ይናገራል። ጣትህን ስታሳርፍበት ከሥሩ ያለውን ያነብልሃል፤ ሁለቴ መታ ስታደርገው ይከፍተዋል። ንግግሩ ጉንፋን እንደያዘው ሰው ነው፣ ትለምደዋለህ። አክስቴ ግቢ ኔትዎርክ ያለው ውኃ ገንዳው አጠገብ ብቻ መሆኑን ታውቃለህ፣ እዚያ ሆነህ ሞክረው።

ዝምተኛው የሚልህ አለው። ይህን ለመናገር ከወንበሩ ተነስቶ ነው የቆመው፦ «ንገሪው። እስካሁን የሠራናቸው ገጾች ዘንድ ይሂድና የደንበኛው ወንበር ላይ ይቀመጥ። የዚህኛውን ደንበኛ ወንበር ሳናውቀው ነው የኖርነው።»

መቼ እንደጀመረህ፣ አሁን ምን ያህል እንደምታይ ንገረኝ። ከዚህ በኋላ የምትደብቀኝ ነገር ካለ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ፤ ያኔ የፖሊስ ሥራ ምን እንደሆነ ታያለህ።

እህትህ

—

ታኅሣሥ 13

ለእህቴ፣

የምጽፈው በአክስቴ እጅ ነው፤ አሁን ሰበብ የለኝም።

መጀመሪያ ተቆጣሁ። ስልኩን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ አንድ ጠዋት ሳጥኑ ራሱ «ባትሪ እያለቀ ነው» ብሎ ተናገረ፤ አክስቴ ሌባ ገባ ብላ መጥረጊያ ይዛ ወጣች። (ሳቁብኝ፤ እናንተስ ብትሆኑ?) እስካሁን ከስልኩ ሴትዮ ጋር አልተስማሙም። «ሰው ሳያናግራት ታወራለች፣ ማን ልበል ብላ አትጠይቅም፣ ይህቺ ሥራዋን አታውቅም» ትላለች።

መቼ ጀመረህ ላልሽኝ፣ መጀመሪያ ስክሪኑ የቆሸሸ መስሎኝ በየሰዓቱ እወለውል ነበር። የሚጠፋው መሃሉ ነው። አንድ ፊደል ላይ ትኩር ስል ፊደሉ ይሄዳል፤ ዙሪያው ግን ይቀራል። የአክስቴን ነጠላ ጫማ አያለሁ፣ ፊቷን ግን አላይም። የመጨረሻው ደንበኛችን ቤት ወንበሩ ላይ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ የገባውንና የወጣውን ሰው መለየት አቃተኝ። በማግስቱ ነው የተሳፈርኩት። ሐኪሙ አይመለስም ብሏል። ይኸው ነው። ካንቺ ጋር አልተጣላሁም፤ አንቺ እንድታዝኚልኝ ስላልፈለግሁ ነው።

አሁን ስላጋጠመኝ ነገር ልንገርሽ፤ ይህን የማጫውተው ሰው አጥቼ ልፈነዳ ነው።

የጫማ ሠሪውን ገጽ ከፈትኩ። ከሠራናቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው። ገጹን ሞልቶት የሚታየው የሰውዬው ፎቶ፣ አጎንብሶ ጫማ ሲሰፋ። ጽሑፍ አያስፈልገውም፣ ምስሉ ራሱ ይናገራል ብለን የተውነው። ጣቴን አሳረፍኩበት። ምን አለ መሰለሽ? «ምስል። አፍንጫው፣ የመጨረሻ፣ የምር የመጨረሻ፣ ሁለት።»

አክስቴ «አፍንጫው ማነው?» አለችኝ። እኔና ዝምተኛው ለራሳችን እንዲያ ብለን እንጠራው የለ? ፎቶውንም በዚያ ስም አስቀምጠነዋል፤ ማን ያየዋል ብለን። ከምስል ጀርባ ምን እንደሚታይ ካልጻፍሽ ይህ ነገር የሚያነበው የፋይሉን ስም ነው። በዓይኑ የሚያየው ሰው አያገኘውም። በጆሮው የመጣ ሁሉ ግን እስከ ዛሬ የሚሰማው አፍንጫውን ነው። ከሥሩ ደግሞ «ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ። ቁልፍ።» የምን ቁልፍ? አይናገርም። በር ብቻ የሞላበት ኮሪደር ውስጥ የገባሁ መሰለኝ።

በዚህ አላቆምኩም። የሠራነውን ሁሉ አንድ በአንድ ዞርኩ። የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው የመኪና ፎቶ «ደባሪዋ መኪና» ይላል። የዳቦ ቤቱ ገጽ መግቢያ እንጂ መውጫ የለውም። የትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህር ፎቶ ላይ የተሰየመውን አልነግርሽም፤ ዝምተኛው ያውቀዋል፣ ዛሬውኑ ያጥፋው። (ከመጣ ጀምሮ እንዲህ ሲስቅ አልሰማሁትም። ገንዳው አጠገብ ወንበር አውጥቼለታለሁ። ለምሳ ስጠራው ቆይ አንድ ገጽ ብቻ ይለኛል።) እንዴት እስከ ዛሬ ሳንሰማው ቀረን? ይህን ያህል ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን አንዱን ማጣቴ ይገርመኛል።

ስሚ፣ የሆስፒታሉን ነገር አስቢ። ሆስፒታል የሚሄደው ሰው ሁሉ ዓይኑ ደህና ነው እንዴ? ቀጠሮ መያዣው ሁሉ በጆሮ እንዲሠራ አድርጉት። ከእያንዳንዱ ምስል ጀርባ፣ የሚያይ ሰው የሚያየውን በቃል ጻፉ። የሚያሳስበኝን ሁሉ አክስቴ በሌላ ወረቀት ጽፋልሻለች።

እኔን ግን አሁንም ከገጹ ተዉኝ። የማያይ የገጽ ዲዛይነር! ኮሚቴው ይህን ሲያነብ አንድም ያዝናል፣ አንድም ይስቃል። በእኔ የተነሳ ሥራው ካመለጣችሁ፣ ዝምተኛው ከሄደና በሩን ከቆለፍሽ፣ ያን አልችለውም። እዚህ ሆኜ እሰማላችኋለሁ። ያ ይበቃኛል።

ወንድምሽ

(አይበቃውም። አክስትሽ።)

—

ታኅሣሥ 28

ወንድም ጋሼ፣

ሁሉንም አስተካከልነው። ዝምተኛው ስክሪኑን አጥፍቶ፣ ዓይኑን በሻርፕ አስሮ ነው የሚሠራው። ሁለቴ ከመደርደሪያው ጋር ተላትሟል። አንድ ጥቅም ግን አገኘንበት፤ የት እንዳለ ለማወቅ የሚያደርገውን ሁሉ በአፉ መናገር ጀምሯል። በአንድ ሳምንት ከዘጠኙ ዓመት የበለጠ አወራ። አሁን ደግሞ ዝም በል ልለው ምንም አልቀረኝ።

ጫማ ሠሪው ዘንድም ሄጄ ነበር። ሌላውን በቴሌፎን ይቅርታ መጠየቅ ይቻላል፣ የሱን ግን ፊት ለፊት ነው ብዬ። እየተንተባተብኩ ነገርኩት። ሰውዬው ሳቀና ሳቀና «ሰፈሩ በሙሉ የሚጠራኝ እንዲያ ነው፣ ፋይሉ ምን ተሳሳተ?» አለኝ። ከፎቶው ጀርባ ምን ይጻፍ ብዬ ብጠይቀው ራሱ ነገረኝ፦ «አንድ ሰው ጫማ ይሰፋል። አፍንጫው ትልቅ ነው። እጁ አይቸኩልም።» እንዳለ ጻፍኩት። አንተን ጠየቀኝ፤ ደህና ነው አልኩት።

ገጻችን ወጥቷል። አካፋ የያዘው ሰውዬህ ጡረታ ወጣ። እንደፈለግኸው ፎቶህ የለም። ምን እንደሆንክም አንዲት ቃል አልጻፍኩም። ቦታህን ግን መዝጋት አልሆነልኝም። እኔና ዝምተኛው በተራ «አንቺ ዝጊው»፣ «አንተ ዝጋው» ተባባልን፣ ማናችንም እጃችን አልታዘዘልንም። በመጨረሻ ወንበርህን ፎቶ አንስቼ አስገባሁት። ከጀርባው የጻፍኩትን እዚህ አልነግርህም። ሄደህ ስማው።

ኮሚቴው ትናንት አየን። አስተዳዳሪዋ ገጹን እየገለበጠች አነበበች። እኔ ተነሳሁና ስክሪኑን አጠፋሁት። «አሁን ደግሞ ስሙት» አልኳቸው። ዓይናቸው እያየ አንድም ነገር ሳይታይ፣ ዝምተኛው በጆሮው ብቻ ቀጠሮ ያዘ። «ይህን ማን አስተማራችሁ?» አለች። ስክሪኑን መልሼ አበራሁት። ወደ ወንበሩ ምስል ተመልሳ «ይህስ የማን ነው?» አለችኝ። ለመናገር አልተፈቀደልኝም አልኳት። ጥር 14 ለመጨረሻ ጊዜ ይጠሩናል፤ ያን ሰው ከአንደበቱ ልንሰማው እንወዳለን ብለዋል። ይመጣል አላልኩም። አይመጣም ለማለትም ምላሴ እምቢ አለኝ።

ልጫንህ አይደለም። ካልመጣህ እኔና ዝምተኛው ሄደን የምንችለውን እንናገራለን፤ ምናልባትም ይሰጡን ይሆናል። ዝምተኛውም ለጠሩት ሰዎች እስከ ጥር ታገሱኝ ብሏቸዋል። ግን ሥራውን ትተን፣ እኔ ናፍቀኸኛል። ከቢሮው ጥግ የሚነጫነጭብኝ ሰው አጥቼ ሥራው ሁሉ ጨው የሌለው ሆኖብኛል።

እህትህ

—

ጥር 5

ለእህቴ፣

ይህን የምጽፈው እኔ ራሴ ነኝ። በማርከር። መስመሩ ሽቅብ ከወጣ ተከተይው።

ገጹን ሰማሁት። ውኃ ገንዳው አጠገብ፣ አክስታችን አብራኝ ተቀምጣ። አንቺን ሰማሁ፤ ዝምተኛውን ሰማሁ፤ «የደነገጠ ሰው፣ ሳይጠሩት ይመጣል» የሚለው አሳቀኝ። ከዚያ ወንበሩ ጋ ደረስኩ። የስልኩ ሴትዮ እንዲህ አለች፦

«ባዶ የእንጨት ወንበር። ከጀርባው ግራጫ ኮት ተንጠልጥሏል፤ ግራ ኪሱ በቀለም ተበክሏል። ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም። ባለቤቱን የሚጠብቁ ሁለት ሰዎች ከካሜራው ጀርባ ቆመዋል።»

አክስታችን ያቺን የማትወዳትን ሴትዮ «እስቲ ድገሚው» አለቻት። ደገመችው። ሁለታችንም አለቀስን።

ከዚያ ተነስቼ ልብሴን መሰብሰብ ጀመርኩ። እሷም ትመጣለች፤ የስልኩን ሴትዮ ሥራ የሚያስተምራት ሰው ያስፈልጋል ትላለች። ረቡዕ ከሰዓት በሚገባው አውቶቡስ ጠብቁን። መንገድ ላይ ትከሻዋን ይዤ ስታዪኝ፣ የምደግፋት እኔ ነኝ ብለሽ እለፊው፤ ለምዳዋለች። ለኮሚቴው ግን ምን እንደሆንኩ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

በገጹ ላይ አንድ እርማት ብቻ አለኝ። «ባዶ» የምትለውን ቃል አውጪያት።

ወንበሩንም ከቦታው እንዳታነቃንቁት።

ወንድምሽ